የሚታይ ሁሉ አይወሰድም፤ የተፈቀደው ግን ሞልቷል

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ፎቶ ስታዩ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መስመር ልብ ብላችሁ አንብቡ። ብዙ ጊዜ «ምንጭ፦ ጎግል» ትላለች። ካልሆነም «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ»። ጎግል ግን ፎቶ አያነሳም፤ የሌሎችን ፎቶ ፈልጎ ያሳያል እንጂ። ከፎቶው ጀርባ ሰው አለ። ላሊበላ ድረስ ሄዶ፣ በጠዋት ተነሥቶ፣ ብርሃኑን ጠብቆ ያነሳ ሰው። መቅረት ያልነበረበት የእሱ ስም ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከእነዚህ ፎቶዎች አንዳንዶቹ ባለቤቶቻቸው «ውሰዱ፣ ተጠቀሙ፣ ለውጡ፣ ከፈለጋችሁም ነግዱበት» ብለው በጽሑፍ የለቀቋቸው ናቸው። የጠየቁት ስማቸው እንዲጠቀስና ጥቂት ቀላል ነገሮች እንዲሟሉ ብቻ ነው። እኛ ያችኑ እናስቀራለን። በሌላ በኩል ማንም ያልፈቀደልንን ዘፈን፣ ልብ ወለድና ፊልም እንደልባችን እንጭናለን። ያልተፈቀደውን እየወሰድን፣ የተፈቀደውን ሳናውቀው እንኖራለን። ይሄ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ለማስተካከልም ጠበቃ መሆን አይጠይቅም።

ሕጉ የሚለው

የቅጂ መብት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚናገር ክፍል ነበረ። ዛሬ የምንመራው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሥራውን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ብዙ ሰው «አላስመዘገበውም እኮ» ሲል ትሰማላችሁ። ጥበቃው ግን ምዝገባ አይጠብቅም። ሥራው የሰውየው የራሱ ፈጠራ ከሆነና በወረቀት፣ በድምፅ፣ በምስል ወይም በሌላ መንገድ ከተቀረጸ፣ በዚያው ቅጽበት መብቱ ተፈጥሯል። የመብት ምልክት መለጠፍም ግዴታ አይደለም። ማስመዝገብ የሚጠቅመው ለማስረጃ ነው። በሞባይላችሁ የጻፋችሁት አጭር ግጥምም ቢሆን የእናንተ ነው። ለፎቶግራፍ ግን አዋጁ በተለይ የባለቤቱን ስም ወይም ፊርማ እንዲይዝ፣ ወይም የስብስብ አካል እንዲሆን ወይም በመጽሐፍ እንዲታተም ይጠይቃል። ሕጉ የሥራውን ጥራት አይመዝንም።

የማይጠበቀውንም ማወቅ ይጠቅማል። ሐሳብ ባለቤት የለውም። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ስለመጣች ልጅ ፊልም መሥራት ማንም ይችላል፤ የሌላውን ድርሰት ገልብጦ መሥራት ግን አይችልም። የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም። በትዝታ ቅኝት የተሠራ አንድ ዘፈን ግን ግጥም ጸሐፊ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ዘፋኝና ፕሮዲዩሰር አለው። አንዱን ካሴት ወይም ፋይል ስትነኩ የእነዚህን ሁሉ መብት በአንዴ ትነካላችሁ። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅን ግን ያለ ማንም ፈቃድ ገልብጣችሁ ማሰራጨት ትችላላችሁ። የሕግና የፍርድ ጽሑፎች ከጥበቃው ውጪ ናቸው።

መብቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፦ ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ፣ ማሰራጨት፣ ለሕዝብ ማቅረብ። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፦ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው ስሙን በሚያጎድፍ መንገድ እንዳይበላሽ የመጠየቅ መብት። ይህኛው የሚነሳው ስለ ገንዘብ አይደለም። ሥራዬ ሲታይ እኔ እንደሠራሁት ይታወቅ የሚል ጥያቄ ነው፤ የኛ ሰው አጥብቆ ሊረዳው የሚገባውም ይሄንን ይመስለኛል።

ዘመኑን በአጭሩ ልለፈው። በኢትዮጵያ ሕግ የጸሐፊ መብት ዕድሜ ልኩንና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ለፎቶግራፍ 25 ዓመት ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ኅብረትና በእስራኤል ግን የጸሐፊ መብት በአጠቃላይ ካረፈ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል። በ1965 እ.ኤ.አ. ያረፈ አንድ አውሮፓዊ ደራሲ በ50 ዓመቱ ስሌት ጥበቃው በ2015 ያበቃል፤ በጀርመን ግን እስከ 2035 መጨረሻ አለ። ስለዚህ ፍራንክፈርት ወይም ሃይፋ ተቀምጣችሁ መጽሐፍ የምታሳትሙ ከሆነ የምትመለከቱት የዚያን አገር ሕግ ነው። ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ ደግሞ አዲስ አበባ ብትሆኑም ኩባንያው የአሜሪካን ሕግ ተከትሎ ነው የሚያስተናግዳችሁ። «ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው ሐሳብ ቻናል ከመዘጋት አያድንም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ስትራይክ (የጥሰት ማስጠንቀቂያ) የተመታ ቻናል ይዘጋል።

«መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ

በዩቲዩብና በቴሌግራም በጣም የተለመደ ነገር አለ። የአንድ ደራሲ ልብ ወለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትረካ ይጫናል። ከሥሩ «ሙሉ መብቱ የደራሲው ነው» ተብሎ ይጻፋል። ተራኪው በቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ደራሲውን ማስተዋወቅ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ስም መጥቀስ ፈቃድ አይሆንም። መብቱ የእሱ መሆኑን እያወቁ ሳይጠይቁ መውሰድ ነገሩን አያቀልለውም።

የአማርኛ ደራሲ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ አስቡ። ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ወይም በብድር አውጥቶ ነው የሚያሳትመው። የወረቀት ዋጋ አለ፣ የማተሚያ ቤት አለ፣ የአከፋፋይ ድርሻ አለ። የሚተርፈው ጥቂት ነው። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ በስካን ተገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ የሚጎዳው ሩቅ ያለ ሀብታም ኩባንያ አይደለም። ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመጻፍ የሚያስብ አንድ ሰው ነው።

ሕጉ በር አልዘጋም። ከመጽሐፉ አጭር ጥቅስ ወስዳችሁ፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሳችሁ፣ ለዓላማችሁ ከሚያስፈልገው ሳትበልጡ መጠቀም ትችላላችሁ። ሂስ ጻፉ፣ ተወያዩበት፣ አንድ አንቀጽ አንብቡና ተከራከሩበት። ለማስተማርም በተገቢው መጠን ይፈቀዳል። ሙሉውን መተረክ ከፈለጋችሁ ግን ጠይቁ። ዛሬ አብዛኛው ደራሲ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ይገኛል። መልሱ «እሺ» ከሆነ በጽሑፍ ተቀበሉት፤ ምን እንደፈቀደ፣ የት እንደሚለቀቅ፣ ገቢ ካለ እንዴት እንደምትካፈሉ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ነገ ሲያከራክር ማንንም አይጠቅምም።

ሳትጠይቁ የምትጠቀሙበት

አሁን ወደ ደስ የሚለው ክፍል እንምጣ።

በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሎሬንስ ሌሲግ የተባለ የሕግ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቹ ክሪዬቲቭ ኮመንስ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሕጉ ሥራዎችን ሁሉ ወዲያው ይቆልፋል። ሥራው ለሌሎች እንዲጠቅም የሚፈልግ ሰው ግን ለእያንዳንዱ ጠያቂ ኢሜይል ሲመልስ መዋል የለበትም። አንዴ የሚጻፍ፣ ለሁሉም የሚሆን ፈቃድ ቢኖርስ? የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች በ2002 መጨረሻ ወጡ። አሁን የሚሠራበት 4.0 የተባለው እትም የወጣው በ2013 ነው።

ይህ ፈቃድ የቅጂ መብትን መተው አይደለም። ባለቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይቀጥላል። ፈቃዱ ከአራት ፊደላዊ ምልክቶች ይገነባል። «ባይ» (BY) ስሜን ጥቀሱ ማለት ነው። «ኤስኤ» (SA) ሥራዬን ለውጣችሁ ካወጣችሁ እናንተም በዚሁ ፈቃድ ልቀቁት ይላል። «ኤንሲ» (NC) ለንግድ አታውሉት፣ «ኤንዲ» (ND) ደግሞ ለውጣችሁ አታሰራጩት ይላል። እነዚህ ተጣምረው ስድስት ፈቃዶች ይወጣሉ። ከስድስቱ ውጪ «ሲሲ ዜሮ» (CC0) የሚባል አለ፤ ባለቤቱ ምንም ነገር የማይጠይቅበት። «ሲሲ» የክሪዬቲቭ ኮመንስ አጭር ስም ነው።

ስማችን ይጠቀስ የሚለው በስድስቱም ውስጥ አለ። ስለዚህ «ምንጭ፦ ጎግል» የሚለው መስመር ስድስቱንም ይጥሳል። ትክክለኛው እንዲህ ይመስላል፦ «ፎቶ፦ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ላሊበላ፤ በእገሌ፤ ከዊኪሚዲያ ኮመንስ፤ ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0፤ ጠርዙ ተቆርጧል»። ዊኪሚዲያ ኮመንስ የዊኪፒዲያ እህት የሆነ የክፍት ፎቶዎችና ፋይሎች ማከማቻ ነው። የፎቶው ገጽና የፈቃዱ ገጽ ሊንክ ይጨመርበታል። ርዕስ፣ ባለቤት፣ ምንጭ፣ ፈቃድ፣ ለውጥ ካለ ለውጡ። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ይህን ያልፈጸመ ሰው ፈቃዱን ያጣል። በቀድሞዎቹ እትሞች፣ ማለትም እስከ 3.0 ድረስ፣ ጥፋቱ እንደተፈጸመ ፈቃዱ በራሱ ይቋረጣል። በ4.0 ግን ጥፋቱን ባወቃችሁ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከላችሁት ይመለስላችኋል። በውጭ አገር በ2.0 የተለቀቀ ፎቶን ስም ሳይጠቅሱ በመጠቀማቸው የካሳ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ የፈቃዱን ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም ተመልከቱ።

ሙዚቃውና ቪዲዮው

የአማርኛ ዩቲዩበር በጣም የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

«ነፃ ሙዚቃ» ብላችሁ ፈልጋችሁ አንድ ደስ የሚል መሣሪያዊ ሙዚቃ አገኛችሁ እንበል። ፈቃዱ «ሲሲ ባይ ኤንዲ» ነው። ሙዚቃውን አልቆረጣችሁትም፣ አልነካችሁትም። ከእንቁጣጣሽ ቪዲዮአችሁ ሥር እንዳለ አስገባችሁት። ስሙንም ጠቀሳችሁ። ልክ ናችሁ? አይደላችሁም። የክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር አያይዞ ማስኬድን እንደ ለውጥ ነው የሚቆጥሩት። «ኤንዲ» ያለበት ሙዚቃ ለቪዲዮ ጀርባ አይሆንም። «ኤስኤ» ያለበት ከሆነ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ያኔ ግን ቪዲዮአችሁን ራሱን በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለባችሁ። ሌሎችም የእናንተን ቪዲዮ እንዲወስዱት ፈቀዳችሁ ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ የሚገባበት ብዙ ሰው አለ።

ፎቶን በጽሑፍ መካከል ማስገባት ግን ሌላ ነው። ጽሑፉና ፎቶው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አንድ ሥራ አይሆኑም። በ2015 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኝ ፍርድ ቤት ይህን የሚመስል ክርክር ዳኝቷል። አንድ ሰው በ«ሲሲ ባይ ኤስኤ» የለቀቀውን ፎቶ አንድ የካርታ አሳታሚ የካርታ መጽሐፉ (የአትላሱ) ሽፋን አደረገው። ባለፎቶው «እንግዲያው አትላሱ በሙሉ በዚሁ ፈቃድ ይለቀቅ» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ፎቶው አልተለወጠም፣ ስሙ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ተጠቅሷል፣ በቃ።

«ለንግድ አታውሉት» የሚለውም ግራ ያጋባል። የሚታየው የተጠቃሚው ማንነት ሳይሆን የአጠቃቀሙ ዓላማ ነው። በጎ አድራጎት ድርጅትም ቢሆን ቲሸርት ላይ አትሞ ከሸጠ ንግድ ነው። በማስታወቂያ ገቢ የሚያገኝ ቻናል «ኤንሲ» ያለበትን ሥራ ባይነካው ይሻለዋል። በሌላ በኩል በ2018 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያለ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤቶች «ኤንሲ» ያለበትን የሒሳብ መማሪያ ከፍለው ፌዴክስ በተባለው ኩባንያ የማባዣ ሱቆች ማስባዛት እንደሚችሉ ወስኗል። ፎቶኮፒ ቤቱ ቢከፈለውም በፈቃዱ የሚጠቀመው ትምህርት ቤቱ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለች ፎቶኮፒ ቤት ላይ የሚያባዛ መምህር ልብ ሊለው የሚገባ አመክንዮ ነው፤ ምንም እንኳ ፍርዱ የአሜሪካ ቢሆን።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ የራሱ ያልሆነን ሥራ «ክሪዬቲቭ ኮመንስ» ብሎ የሚጭን ሰው አለ። የታዋቂ ዘፋኝን ክሊፕ ቀድቶ ዩቲዩብ ላይ ፈቃዱን መምረጥ ይችላል፤ ያ ፈቃድ ግን ባዶ ነው። የሌለውን መስጠት አይችልምና። ጫኚው ማን እንደሆነ፣ ሌሎች ሥራዎቹ ምን እንደሚመስሉ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ የፎቶው ፈቃድ ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው ፈቃድ አይጨምርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፤ ለታወቁ ሰዎችና ለአደባባይ ክንውኖች የተለዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። ከኦሞ ሸለቆ የተነሳ የአንዲት እናት ፎቶ ዊኪሚዲያ ላይ ስለተገኘ ብቻ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ አይለጠፍም። ባለካሜራው ፈቅዷል፤ እናቲቱን ግን ማን ጠየቃት?

ለአማርኛ የሚሆን ምን አለ?

ሞልቷል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ የጎንደርን ቤተ መንግሥት፣ የአክሱምን ሐውልት፣ ዳሎልን፣ የሰሜን ተራሮችን በብዙ ፎቶ ታገኛላችሁ። እዚያ «ኤንሲ» እና «ኤንዲ» ያለባቸው አይገቡም፤ ስለዚህ ለጋዜጣም ለመጽሐፍም ይሆናሉ። የናሳ ፎቶዎች በአብዛኛው ከቅጂ መብት ነፃ ናቸው፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው የሚያዘጋጁት በአሜሪካ ሕግ አይጠበቅምና። አንስፕላሽና ፔክስልስን የመሰሉ የፎቶ ድረ ገጾች ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ለቪዲዮና ለጽሑፍ ይመቻሉ፤ ክሪዬቲቭ ኮመንስ ግን አይደሉም።

ከሁሉ በላይ እንድታዩት የምፈልገው የልጆች መጻሕፍትን ነው። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና የሕንዱ ፕራታም ቡክስ ያቋቋመው ስቶሪዊቨር በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ሥዕላዊ ተረቶችን በብዙ ቋንቋ ያቀርባሉ፤ አማርኛም አለበት። በስቶሪዊቨር ያሉት «ሲሲ ባይ» ናቸው። ማለትም አንድ የባሕር ዳር መምህርት ተረቱን አውርዳ፣ የልጆቹን ስም በአካባቢዋ ስም ቀይራ፣ አትማ ለተማሪዎቿ ማደል ትችላለች። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ወላጅ ልጁን አማርኛ ለማስተማር ሊተረጉመው ይችላል። የጸሐፊውን፣ የሠዓሊውንና የተርጓሚውን ስም፣ ምንጩን፣ ፈቃዱንና የተደረገውን ለውጥ መጥቀስ ይበቃል። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እጥረት ሲነሳ ይህ በር መረሳቱ ይቆጨኛል።

ፊደላችንም አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባሉት ፎንቶች የተለቀቁት በክፍት የፎንት ፈቃድ ነው። ለመጽሐፍ፣ ለሎጎ፣ ለመተግበሪያ፣ ለሽያጭ ለሚቀርብ ሥራ ሁሉ በነፃ ይሆናሉ። የማይፈቀደው ፎንቱን ራሱን ብቻውን መሸጥ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፎንት በፍላሽ እየተቀባበሉ መጽሐፍ ከማሳተም ይህ ይሻላል።

የብራና መጻሕፍትም አሉ። ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተጻፈ የግዕዝ ብራና የቅጂ መብት ዘመኑ የሚቆጠርለት አይደለም። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው ብዙዎቹ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ በፎቶ ተነሥተው ኢንተርኔት ላይ የወጡም አሉ። አሮጌ ሥዕልን እንዳለ ያነሳ ፎቶ አዲስ መብት ይፈጥራል ወይ? የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. መመሪያው አንቀጽ 14 ለሥነ ሥዕል ሥራዎች «አይፈጥርም» ብሏል፤ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤትም በ1999 ተመሳሳይ ነገር ወስኗል። የየቤተ መጻሕፍቱን የአጠቃቀም ደንብ ግን ሳታነቡ አትለፉ። ደግሞም ብራናው ያለበትን ቦታና መለያ ቁጥሩን ጻፉ። ይህን የምለው ሕግ ስላዘዘ አይደለም። የተበተነ ቅርስ ያለበት ሲጻፍ ለቀጣዩ ተመራማሪ መንገድ ይሆናል።

እናንተም ስትሰጡ

መውሰድ ብቻ አይበቃም፤ የአማርኛው ክምችት የሚያድገው በአማርኛ የሚሠሩ ሰዎች ሲሰጡበት ነው። የፊዚክስ ማስታወሻ ያዘጋጀ መምህር፣ የአካባቢውን ገበያ ያነሳ ፎቶ አንሺ፣ የአያቱን ተረት ቀርጾ የጻፈ ወጣት ከሥራው ሥር አንድ መስመር ቢጽፍ ይበቃል፦ «ይህ ሥራ በሲሲ ባይ 4.0 ፈቃድ ተለቋል»፣ ከነሊንኩ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር አስቡ። ፈቃዱ አይሻርም። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ከገጻችሁ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ቀድሞ የወሰደውን ሰው ግን መከልከል አትችሉም። ደግሞም የራሳችሁ የሆነውን ብቻ ነው መስጠት የምትችሉት። ግጥሙ የእናንተ፣ ዜማው የጓደኛችሁ ከሆነ ሁለታችሁም መስማማት አለባችሁ። ተቀጥራችሁ የሠራችሁት ከሆነ በአዋጁ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው።

ሦስተኛው የምርጫ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ከስስት ሳይሆን ከፍርሃት የተነሣ «ኤንሲ» እና «ኤንዲ» ይጨምራል። የሚኖሩበት ሥራ ከሆነ ይገባኛል። ዓላማችሁ ሥራው እንዲነበብና እንዲስፋፋ ከሆነ ግን ሁለቱም ያስሩታል። «ኤንዲ» ያለበት ማስታወሻ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ትግርኛ ተተርጉሞ ሊወጣ አይችልም። «ኤንሲ» ያለበት ፎቶ አማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ ላለ ጽሑፍ በኮመንስ በኩል አይገባም። ሌላው አሻሽሎ ዘግቶ እንዳይሸጠው ከሰጋችሁ «ሲሲ ባይ ኤስኤ»ን ምረጡ፤ የሚያሻሽለውም ሰው ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ እንዲለቅ ያስገድደዋል።